ጥቁረቱን ተዉለት

በሐርጌሳ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያንና ለእንግዶቻቸው የተደረገ ዲስኩር

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ እንዲሁም በስደት ዘመን አማርኛን ጅጅጋና አዲስ አበባ ላይ ለምዳችሁ ዛሬ ከእኛ ጋር የተቀመጣችሁ የሐርጌሳ ሰዎች፣

ዛሬ የምናገረው ስለ አንዲት ትንሽ ውሳኔ ነው። በየቤታችሁ፣ በሣጥን ጥግ ወይም በመሐረብ ተቋጥሮ፣ የቆየ የብር ሳንቲም ይኖራል። ከእናት ወይም ከአያት የመጣ ጠገራ ብር ይሆናል፤ የምኒልክ አላድ (ግማሽ ብር) ይሆናል፤ እንግሊዞች ይህን አገር ይዘው በነበሩበት ጊዜ ይገበያዩበት የነበረ የህንድ ሩፒም ይሆናል። ጠቁሯል፤ ነጠብጣብ አውጥቷል። አንድ ቀን ታወጡትና «እስቲ ላጽዳው» ትላላችሁ። ሎሚው አለ፣ አመዱ አለ፣ ኮልጌቱ አለ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ሳንቲሙ ቦግ ይላል። በዚያች ሩብ ሰዓት ግን ስንት ዘመን የተጠራቀመ ነገር ይታጠባል፤ የታጠበውን ደግሞ ማንም አንጥረኛ፣ ማንም ሙዚየም አይመልሰውም። ስለዚህ መልሴን ከወዲሁ ልናገር፤ አትንኩት። መንካት ግድ የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ እሱንም አልሸሽገውም። ያን ጊዜም ቢሆን ግን ሎሚና አመድ ቦታ የላቸውም።

ጉዳዩን ሐርጌሳ ላይ ማንሣቴ ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ማርትሬዛ ወይም ጠገራ የምንለው ብር ወደ ኢትዮጵያ ደጋ የወጣው ከባሕር ነው፤ በምጽዋ፣ በዘይላ፣ በበርበራ፣ ኋላም የምድር ባቡሩ ሲዘረጋ በጅቡቲ። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን በርበራ ላይ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ሚያዝያ የሚቆም ትልቅ ገበያ ነበር። ከሐረርና ከኦጋዴን የሚወርደው ቅፍለት ቡናውን፣ ቆዳውን፣ ሙጫውን፣ ከብቱን ይዞ ይመጣል፤ ጨርቁንና ብሩን ይዞ ይመለሳል። አንድ ሺህ ጠገራ 28 ኪሎ ይመዝናል። ገንዘቡ ራሱ በግመል የሚጫን ዕቃ ነበር ማለት ነው። ዛሬ ከቶጎ ውጫሌ ወደ ሐርጌሳ በመኪና የመጣችሁበት መንገድ፣ ያ ብር በግመል ጀርባ ሲመላለስበት ከነበረው መንገድ ብዙም የራቀ አይደለም።

ይህ ሳንቲም በዓለም ላይ ካሉት ሁሉ የተለየ ነገር አለው። እቴጌ ማርያ ቴሬዛ በ1780 (እ.ኤ.አ.) ስትሞት የመጨረሻው ብሯ የዚያን ዓመት ቁጥር ይዞ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ 1780 እንደያዘ ቀረ። የቀይ ባሕርና የኢትዮጵያ ነጋዴ የለመደውን መልክ ካላየ አልቀበልም ስላለ፣ መልኩን የሚለውጥ አልተገኘም። ቪየና መታችው፣ ሚላን መታችው፣ ቬኒስና ፕራግ መቱት። በ1935 (እ.ኤ.አ.) ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲሰናዳ የመምቻ መብቱንና ማኅተሙን ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ ማስመታት ጀመረ፤ እንግሊዞች በ1936 ለንደን ላይ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል ደግሞ ቦምቤይ ላይ መቱት። የታሪክ ጸሐፊው ሪቻርድ ፓንክረስት የዚህን ብር የኢትዮጵያ ታሪክ ከ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዝርዝር ጽፎታል፤ ማንበብ ለምትወዱ ከዚያ የተሻለ መነሻ አላውቅም። በጠቅላላው የተመታው ከ300 ሚሊዮን በላይ እንደሚሆን ይገመታል።

አሁን ልብ በሉልኝ። ከ300 ሚሊዮን በላይ ሳንቲም፣ ሁሉም አንድ ሴት፣ ሁሉም አንድ ንስር፣ ሁሉም 1780። ቁጥሩን አይታችሁ መቼ እንደተመታ አታውቁም፤ ጽሑፉን አንብባችሁ የማን እንደነበረ አታውቁም። የእናንተን ጠገራ ከሌላው የሚለየው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በገጹ ላይ የደረሰበት። የት እንደተፋተገ፣ የት እንደተበሳ፣ ምን ላይ ተኝቶ እንደጠቆረ። ሰዎች «ይሄ እኮ ተራ ጠገራ ነው፣ ብርቅ አይደለም፣ ባጸዳው ምን ይጎዳል?» ሲሉኝ የምመልሰው ይህን ነው። ተራ መሆኑ ራሱ ነው ገጹን ውድ የሚያደርገው። ብርቅ ሳንቲም ቢታጠብ እንኳ በመልኩና በቁጥሩ ይታወቃል። ጠገራ ሲታጠብ ግን ከሌሎቹ መቶ ሚሊዮኖች ጋር ተቀላቅሎ ይጠፋል።

አንዱን ቀረብ ብለን እንየው። ይህ አንድ የሐርጌሳ ወዳጄ ያዋሰኝ ነው፤ ከእናቱ እናት የመጣ ነው። ስፋቱ 40 ሚሊ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ይቀረዋል፤ ትክክለኛ ጠገራ 28.07 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ ይህ ግን ከላይ ጆሮ ስለተበየደበት ትንሽ ይበልጣል። እቴጌዋ ወደ ቀኝ ዞራለች። ባሏ በ1765 (እ.ኤ.አ.) ከሞተ ወዲህ ያልተለያትን የኀዘን ሻሽ እንደተከናነበች ነው። በሻሹ እጥፋቶች መካከል ጥቁረቱ ጥልቅ ነው፤ በጉንጯና በትከሻዋ ላይ ደግሞ ግራጫው ሳስቶ ብሩ ያበራል። መልኳ ከሩቅ ጎልቶ የሚነበበው በዚህ ምክንያት ነው፤ ጉድጓዱ ጠቁሮ ጉብታው ነጥቶ። ትከሻዋ ላይ በዕንቁ የተከበበው ጌጥ አለ። የእኛ ሰዎችም የየመን ሰዎችም ብሩን ከመቀበላቸው በፊት ዕንቁዎቹን በጣት ይቆጥሩ ነበር። ከትከሻዋ በታች የጉንትስቡርግ መምቻ ሹማምንት የስም መነሻ የሆኑት ሁለት የላቲን ፊደላት አሉ። ሲገለበጥ ባለ ሁለት ራሱ ንስር፤ ከ1780 ቀጥሎ አንዲት ትንሽ የመስቀለኛ ምልክት።

ጆሮው አጠገብ እዩልኝ። ብየዳው በተደረገበት ዙሪያ የብሩ ቀለም ሌላ ነው፤ እሳቱ የደረሰበት ቦታ በክብ ተለይቶ ይታያል። የጆሮው ውስጥ ደግሞ በአንድ በኩል ብቻ ተበልቷል፤ ክሩ ሁልጊዜ ወደዚያ ወገን ይጎትተው ነበር ማለት ነው። በጀርባው በኩል የንስሩ ደረት ለስልሷል፤ ልብስ ላይ፣ ደረት ላይ፣ ለብዙ ዓመት ተፋትጓል። ፊቱ ግን ያን ያህል አልተበላም። እንግዲህ ይህ ብር ገንዘብ ሆኖ ብዙ አልዞረም፤ ገና በደኅና መልኩ ሳለ አንጥረኛ ቤት ገብቶ የሴት አንገት ላይ ወጣ። ይህን ሁሉ የነገረን ጥቁሩና ነጩ ተለያይተው መቀመጣቸው ነው። አሁን በአመድ ብንፈትገው እኩል ይነጣል፤ እኩል ከነጣ ደግሞ ለመለየት የሚያስችለን ነገር አይኖርም።

ጥቁረቱ ምንድነው? ብር እንደ ብረት አይዝግም። የሚያጠቁረው ድኝ ነው። በአየር ውስጥ በጣም በጥቂቱ የሚገኝ የድኝ ጋዝ ከብሩ ጋር ሲገናኝ ሲልቨር ሰልፋይድ የተባለ ቀጭን ልባስ ይሠራል። ልባሱ ገና ሲጀምር ብጫ ነው፤ ሲወፍር ወደ ቀይ ቡኒ፣ ከዚያ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል፤ መጨረሻው ግራጫና ጥቁር ነው። ቀለሞቹን የሚያወጣው ቀለም አይደለም፤ የልባሱ ውፍረት ነው፤ ዝናብ ጥሎ ባባራበት ጎዳና ላይ የፈሰሰ ናፍጣ ኅብረ ቀለም እንደሚያሳይ ነው። ውፍረቱም የአንድ ሚሊ ሜትር ከአሥር ሺህ አንድ እጅ ቢደርስ ነው። ግን ልባሱ የተሠራው ከራሱ ከሳንቲሙ ብር መሆኑን አትርሱ። ከላይ የተለጠፈ እድፍ አይደለም፤ የሳንቲሙ ቆዳ ነው። ባነሣችሁት ቁጥር ከብሩም አብሮ ይነሣል።

ደግሞ ጠገራ ንጹሕ ብር አይደለም። ከሺህ 833 እጁ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው። የህንዱ ሩፒ 917 እጅ ብር አለው፤ ስለዚህ አጠቋቆሩ ዝግ ያለና ወጥ ነው። ከ1921 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የተመታው የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ግን፣ ከጦርነቱ ወዲህ እዚህ ከተማ ሲሠራበት የነበረው፣ ከሺህ 250 እጅ ብቻ ነው ብሩ፤ ሲቆይ ብጫና ቡኒ ይቀላቅላል። የኛው የ1936 ዓ.ም. ባለ 50 ሳንቲም ሽልንግ 800 እጅ ብር ነበረበት። እያንዳንዱ እንደ ቅይጡ ይጠቁራል፤ ለሁሉም አንድ መድኃኒት የሚሸጥላችሁን ሰው አትመኑ።

አካባቢም የራሱን ይጽፋል። ሐርጌሳ ከባሕር ወለል 1,300 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ደረቅ ከተማ ናት፤ ለብር የተመቸ አየር ነው። በርበራና ጅቡቲ ግን ሙቀቱም ወበቁም ጨዉም አለ። ጨው ብሩ ውስጥ ያለውን መዳብ ያስነሣል፤ አረንጓዴ ያወጣል። አንድ ሳንቲም በእጥፋቶቹ መሃል የደረቀ አረንጓዴ ካለው ባሕር ዳር እንደኖረ ብጠረጥር አያስገርማችሁ። የላስቲክ ማሰሪያ ደግሞ ድኝ አለበት። የዚህ ከተማ ገንዘብ መንዛሪዎች ሽልንጉን የሚያስሩበት ዓይነት ላስቲክ በብር ሳንቲም ላይ ቢተው፣ ቀጥ ያለ ጥቁር መስመር አስምሮ ይቀራል። ሱፍ ጨርቅም እንደዚያው ያጠቁራል። ሽንኩርትና እንቁላል የሚቀመጥበት ጓዳም ለብር ጥሩ ጎረቤት አይደለም።

አሁን ወደ ጥፋቱ ልምጣ። ሎሚና አመድ፣ ሎሚና ጨው፣ ኮልጌት፣ ኦሞ፣ የምጣድ ማሻ ሽቦ፤ እነዚህ ሁሉ ፋቂ ናቸው። በዓይን የማይታዩ ሺህ ጭረቶች ይተዋሉ፤ ሳንቲሙን መብራት ስር ስታዘነብሉት ሁሉም በአንድ አቅጣጫ ሲያበሩ ታገኟቸዋላችሁ። ከመምቻው በወጣበት መልክ የቆየ ሳንቲም ስታዘነብሉት ብርሃኑ ከመሃል ተነሥቶ በገጹ ላይ ይዞራል፤ ይህ የሚሆነው ብሩ በማኅተሙ ግፊት ወደ ጠርዝ ሲፈስስ የተዋቸው ረቂቅ መስመሮች ስላሉ ነው። ፍትጊያ መጀመሪያ የሚያጠፋው እነዚያን ነው። ከዚያ በኋላ ብሩ ያበራል፣ ግን ብርሃኑ አይዞርም፤ ደረቅ፣ የሞተ ነጭ ነው። የሚያውቅ ገዢ ገና ከሩቅ ያየዋል።

ፋቂ ያልሆኑትስ? በየሱቁ የሚሸጠው የብር ማጽጃ ፈሳሽ ታዮዩሪያ የተባለ ኬሚካልና አሲድ ነው። ጥቁሩን በሰከንዶች ይበላል፤ አብሮ ግን ያንን የላይኛውን ብር ይወስዳል። ደጋግማችሁ ከነከራችሁት ሳንቲሙ ይፈዝዛል፤ በደንብ ካልታጠበ ደግሞ ከወራት በኋላ ቡናማና ወተትማ ነጠብጣብ ያወጣል። ነጠብጣብ ለማጥፋት ተነሥቶ ነጠብጣብ መዝራት ማለት ይህ ነው። ሌላው በስልክ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞረው የፎይልና የቤኪንግ ሶዳ ዘዴ ነው። ሙቅ ውሃ ውስጥ ፎይሉ ድኙን ይቀበላል፣ ብሩም ወደ ብርነቱ ይመለሳል ይባላል። ኬሚስትሪው እውነት ነው። ግን የተመለሰው ብር ወደ ነበረበት ቦታ ተስተካክሎ አይቀመጥም፤ ሻካራና ስፖንጃማ ሆኖ ይቀራል፣ ከበፊቱም ፈጥኖ ይጠቁራል። ከነሎሚው ሁሉ ይኼኛውን የምፈራው «ምንም አይጎዳም» ተብሎ ስለሚነገርለት ነው።

ስለ ገንዘቡም ልናገር፤ ከመካከላችን ቤተሰብ ለመርዳት ሳንቲም መሸጥ ግድ የሚሆንበት ይኖራል፤ ነውርም የለውም። አንድ ጠገራ ውስጥ 23.4 ግራም ያህል ንጹሕ ብር አለ። በገበያ በሚዛን የሚገዛችሁ ሰው የሚከፍለው በዚያ ነው፤ ለእሱ ጠቆረ ነጣ ለውጥ የለውም። ስለዚህ ለሚዛን ገዢ ማጽዳት የከንቱ ድካም ነው። ለሰብሳቢ ገዢ ደግሞ ማጽዳት ኪሳራ ነው። አሜሪካ ያሉት ሁለቱ ትልልቅ የሳንቲም መርማሪ ድርጅቶች፣ ኤን.ጂ.ሲ.ና ፒ.ሲ.ጂ.ኤስ.፣ ለሳንቲም ከ1 እስከ 70 ደረጃ ይሰጣሉ፤ ያላግባብ የተጸዳ ሆኖ ሲያገኙት ግን ቁጥሩን ይነፍጉትና «ተጸድቷል» ብለው ይጽፉበታል። ያ ጽሑፍ ዋጋውን ክፉኛ ይጥለዋል። በጠገራ ላይ ልዩነቱ ትንሽ ሊሆን ይችላል፤ በምኒልክ ብር ላይ ግን ያስለቅሳል።

የምኒልክን ነገር ካነሣሁ ጥቂት ልቆይበት። ዳግማዊ ምኒልክ በስማቸው ያስመቱት ብር የ1887 ዓ.ም. ቁጥር ይዞ ፓሪስ ላይ ተመታ። ክብደቱ የጠገራ ያህል እንዲሆን ተደርጎ ነበር፤ ሕዝቡ ግን የለመደውን ማርትሬዛ ቶሎ አልተወም። ከብሩ በታች አላድ፣ ሩብና ተሙን፣ ግርሽም አሉ። በጀርባቸው ዘውድ የደፋ አንበሳ ሰንደቅ ይዞ ይራመዳል። አዋቂዎች አንበሳው ያነሣው የግራ እግሩን ነው ወይስ የቀኝ እያሉ ምቶቹን ይለያሉ። የአንበሳው ጋማ ጠጉር በጠጉር ተቀርጿል፤ የንጉሠ ነገሥቱ ዘውድ ላይ ያለው ጌጥም እንዲሁ። ምቱ ስስ ስለሆነ ከዝውውር የተረፈው ጋማ በአንድ ጊዜ ፍትጊያ ይሄዳል። የታጠበ የምኒልክ ብር አይቻለሁ። ፊደሉ «ዳግማዊ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ዘኢትዮጵያ» ይላል፣ ምሉእ ነው፤ አንበሳው ግን ጋማ የለውም። ያን ያደረገው ሰው ክፉ አልነበረም፤ ንጉሡን ያከበረ መስሎት ነበር። እኔን እስከ ዛሬ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው፤ ጥፋቱ የሚመጣው ከፍቅር ነው።

እንግዲህ መቼ ይነካ? አንደኛው ጊዜ ሳንቲሙ በለስላሳ ፕላስቲክ ኪስ ውስጥ ሲቆይ ነው። ፒ.ቪ.ሲ. የሚባለው ፕላስቲክ ሲያረጅ ይልባል፤ ሳንቲሙ ላይ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ዝቃጭ ይተዋል። ይህ የሳንቲሙ ቆዳ አይደለም፤ ብሩን እየበላ ያለ ነገር ነው፤ ውሎ ሳያድር መወገድ አለበት። መድኃኒቱ ንጹሕ አሴቶን ነው። የሽቶና የዘይት ቅልቅል ያለበት የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ አይሆንም፤ ንጹሑ ነው የሚፈለገው። በብርጭቆ ሳህን አድርጉት፣ ሳንቲሙን አጥልቁት፣ አሴቶኑን አንዴ ሁለቴ ለውጡ፣ አውጥታችሁ በራሱ ይድረቅ። አትሹት። አሴቶን ብሩንም ጥቁረቱንም አይነካም፤ የሚያሟሟው ዘይቱን፣ ሙጫውንና የፕላስቲኩን ዝቃጭ ብቻ ነው። የዕጣን ጢስ ለዘመናት ያለበሰው ሙጫማ እድፍም በዚሁ ይለቃል። ግን በእሳት ይያያዛል፤ ከከሰል ምድጃና ከሲጋራ ራቁ፣ መስኮት ክፈቱ።

ሁለተኛው ጊዜ አፈርና ጨው ሲኖር ነው። የተጣራ ውሃ ውስጥ ሲነከር ይዋል፣ ውሃው ይለወጥ። እዚህ ላይ አደራ፤ «የባትሪ ውሃ» ስትሉ ሻጩ አሲዱን እንዳይሰጣችሁ። ብዙ ቦታ ሁለቱም በአንድ ስም ይጠራሉ። ከፋርማሲ የተጣራ ውሃ መግዛት ይሻላል። ስታወጡት በለስላሳ ጥጥ ጨርቅ ጫን ጫን አድርጋችሁ ውሃውን አስመጥጡ እንጂ አትጥረጉ። የጠነከረ አረንጓዴ ካለ በመርፌ አትንቀሉት፤ ከሥሩ ጉድጓድ አለ፣ መርፌው የሚያሰፋው እሱን ነው።

በዚህ ከተማ ሳልጠቅሰው የማላልፈው ሌላ ጥቁረት አለ። በ1988 (እ.ኤ.አ.) ሐርጌሳ ከአየርና ከምድር ስትደበደብ ሰው ይዞ የወጣው በእጁ የገባለትን ነው፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ድንበሩን ተሻግሮ ሐርታ ሼክ ላይ ሰፈረ። ሲመለስ የቤቱን ፍርስራሽ ቆፍሮ ያገኘ አለ። በ2022 (እ.ኤ.አ.) ሚያዝያ መግቢያ ላይ ደግሞ የከተማዋ የዋሄን ገበያ በአንድ ሌሊት ተቃጠለ። እሳት የደረሰበት ብር ጥቁረቱ ከድኝ አይደለም። ውስጡ ያለው መዳብ ተቃጥሎ ከገጹ ሥር ድረስ ጠቁሯል፤ ማጽጃ ፈሳሽ አይደርስበትም፣ በፍትጊያም የሚገኘው ቀይና ጥቁር ዥጉርጉር ነው። የጠገራ ቅይጥ ከ780 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ጀምሮ መቅለጥ ስለሚጀምር አንዳንዱ ጠርዙ ረግቧል፣ አንዱ ከሌላው ተጣብቋል። እንዲህ ያለ ብር ያላችሁ የሐርጌሳ ሰዎች፣ እባካችሁ ለአንጥረኛ አትስጡት። ስለዚያ ዘመን የተጻፈ ብዙ ነገር ይኖራል፤ ያ ብር ግን እዚያው ነበረ።

ከመሬት ስለሚወጣ ሳንቲም አጭር ነገር ልናገር። የአክሱም ነገሥታት ከሦስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ወርቅም ብርም መዳብም መትተዋል፤ በአንዳንዱ የብርና የመዳብ ሳንቲም ላይ ደግሞ በንጉሡ ራስ ወይም በመስቀሉ ዙሪያ ስስ የወርቅ ልባጥ አለ። በጥንቱ ዓለም እንዲህ ያለ ጥበብ ከዚያ በቀር ያለ አይመስለኝም። መሬት ውስጥ የቆየ ብር ከድኙ ይልቅ ክሎሪን ይዞ ግራጫ ቅርፊት ያወጣል፤ ብዙ ጊዜ ፊደሉና መልኩ የተረፈው በዚያ ቅርፊት ውስጥ ነው። ቅርፊቱን ያሟሟ ሰው ፊደሉን አሟሟ፤ ወርቁም አብሮ ይሄዳል። ይህ የቤት ሥራ አይደለም። ደግሞም የኢትዮጵያ የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለሚመለከተው አካል እንዲገለጽ ያዝዛል።

«የአንገት ጌጡንስ? ሠርግ ላይ ጠቁሮ ይታሰር?» የሚል ጥያቄ እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ እናቶች ሁልጊዜ ይጠይቁኛል፣ ትክክልም ናቸው። የሚታሰር ጌጥ ሕይወቱ መታሰሩ ነው። ለስላሳ ደረቅ የጥጥ ጨርቅ ውሰዱ፣ ጉብታውን በስሱ አብሱት፣ እጥፋቱን ተዉት። ብዙ ካሰራችሁት ደግሞ ቆዳችሁ ራሱ ያበራዋል። ማሰሪያው የላላ ከሆነ ክሩን ለውጡ እንጂ ጆሮውን አታስነቅሉ፤ ጆሮ የተነቀለበት ጠገራ ጌጥም ገንዘብም ሳይሆን ይቀራል። በተረፈ ጌጥ ያልሆነው ሳንቲም በወረቀት ካርቶን ወይም ፒ.ቪ.ሲ. በሌለበት ደረቅ ፕላስቲክ ይቀመጥ፤ ከካርቶኑ ጀርባ ከማን እንደመጣና ከየት እንደመጣ በእርሳስ ይጻፍ።

የሚያማምር ሰማያዊና ወይን ጠጅ ቀለም ያለው ሳንቲም በውድ ሊሸጡላችሁ ሲመጡም ተጠንቀቁ። በድኝና በሙቀት በአንድ ቀን የሚቀቡ አሉ። የዕድሜ ቀለም ከጉብታ ወደ ጉድጓድ ቀስ እያለ ይሸጋገራል፤ የተቀባው ጉብታውንም ጉድጓዱንም እኩል ያለብሳል።

አሁን ያመጣችሁትን ወደዚህ ጠረጴዛ አምጡልኝ። ሚዛንና ማጉያ አለ፣ አሴቶኑ መስኮቱ አጠገብ ነው። ሳንቲሙን በጠርዙ ያዙ፤ የጣት ላብ ጨው አለበት፣ ዛሬ የተወው አሻራ ከዓመት በኋላ ቡናማ ሆኖ ይወጣል። በጨርቅ የተጠቀለለውን እዚያው ጨርቁ ላይ እንክፈተው። ጨርቁንም አትጣሉት፤ ሱፍ ይሁን ጥጥ፣ ቋጠሮው በየት በኩል እንደነበረ፣ በአንድ ወገን ብቻ ለምን እንደጠቆረ እሱም ይነግረናል። ለእናቶች ቅድሚያ ስጡ።